ከሕግ ዐዋቂነት ወደ ጨፌ መሪነት፤ በባኮ አካባቢ በሜጫ ኦሮሞ ዘንድ የሕግ አውጪ የሕይወት ጉዞ

ሕግ የሚያውቅ ሰውና ሕግ የሚያወጣ ሰው ሁልጊዜ አንድ አይሆኑም። ዳኛውና ጠበቃው ሕጉን ያውቁታል፤ የሚሠሩበት ግን ሌሎች ባወጡት ሕግ ነው። የሸንጎ አባል ደግሞ ሕጉን ያወጣል፤ ያወጣው ሕግ በችሎት ፊት በድኻውና በባለጸጋው ላይ እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ግን ብዙ ጊዜ ዕድል አያገኝም። ሁለቱን ሥራዎች በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ያገናኙ አገሮች አሉ። ለምሳሌ በአሜሪካ ሄንሪ ክሌይ የተባለው ሰው በቨርጂንያ በጆርጅ ዋይዝ ዘንድ ሕግ ተማረ፤ በ1797 እ.ኤ.አ. የጥብቅና ፈቃድ ተቀብሎ በኬንተኪ በጠበቃነት ሠራ፤ ከዚያም ወደ ኬንተኪ ምክር ቤት ገባ፤ በመጨረሻም በ1811 እ.ኤ.አ. በዋሽንግተን የተወካዮች ምክር ቤት አባል ሆኖ በገባበት በመጀመሪያው ቀን አፈ ጉባኤ ሆኖ ተመረጠ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እንዲህ ያለው የሕይወት ጉዞ ለአገራችን እንግዳ አለመሆኑን ማስረዳት ነው። በምዕራብ ሸዋ፣ በባኮና በዙሪያዋ ባለው አገር፣ የሜጫ ኦሮሞ ሕዝብ በገዳ ሥርዓት ይተዳደር በነበረበት ዘመን፣ ሕግ በሚያወጣው ጉባኤ ላይ ለመቀመጥ የሚታጭ ሰው አስቀድሞ ሕጉን ለብዙ ዓመት እንዲማር ይገደድ ነበር። ሥርዓቱ እንዴት ይሠራ እንደ ነበረ፣ ለምን እንደ ተዳከመ፣ ከእርሱም በኋላ በመጣው የፓርላማ አሠራር ምን እንደ ጎደለና ምን እንደ ተጨመረ በየተራው እንመለከታለን።

1. ስለ ቦታው

ባኮ ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ ላይ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የባኮ ጢቤ ወረዳ ከተማ ናት። መንገደኛው አምቦንና ጉደርን አልፎ ወደ ጌዶ ከወጣ በኋላ በኢጃጂ በኩል ወደ ቆላማው የጊቤ ሸለቆ ሲወርድ ባኮን ያገኛታል። አገሩ በበቆሎና በበርበሬ የታወቀ ነው። በከተማዋ አጠገብ ያለው የእርሻ ምርምር ማዕከልም በተዳቀሉ የበቆሎ ዘሮች ስሙ በመላ ኢትዮጵያ ይጠራል።

ለጥናታችን ግን ከእርሻው ይልቅ የሚያስፈልገን አንድ አሮጌ ቦታ ነው። ከባኮ በስተምሥራቅ፣ በኢሉ ገላን ወረዳ፣ ኦዳ ቢሲል የሚባለው የሜጫ ኦሮሞ የጉባኤ ስፍራ ይገኛል። ኦዳ ትልቅ የዋርካ ዓይነት ዛፍ ነው። በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ ጉባኤ የሚደረገው በኦዳ ጥላ ሥር ስለ ነበረ፣ የዛፉ ስም የጉባኤው መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። ከታወቁት መካከል የቱለማው ኦዳ ነቤ፣ የሆሮ ጉዱሩው ኦዳ ቡሉቅ፣ የሐረርጌው ኦዳ ቡልቱምና የባሌው ኦዳ ሮባ ይቈጠራሉ። ሜጫዎች ከቱለማ ወንድሞቻቸው ተለይተው ወደ ምዕራብ በተስፋፉ ጊዜ፣ ይኸውም በ16ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ እ.ኤ.አ.፣ የራሳቸውን ማዕከል በኦዳ ቢሲል አቋቋሙ።

2. ጨፌውና ባለሥልጣኖቹ

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ሁለት ቃላት ማስታወቅ ይገባል። አንደኛው ጨፌ ነው። ጨፌ በአማርኛም እንደሚታወቀው ለምለም ሣር ያለበት እርጥብ ሜዳ ነው፤ በገዳ ሥርዓት ግን በዚያ ሜዳ የሚሰበሰበው ሕግ አውጪ ጉባኤ ጭምር ጨፌ ይባላል። ሁለተኛው ሴራ ነው። ይህ ቃል በአማርኛ የተንኮል ምክርን ሲያመለክት በኦሮምኛ ግን ትርጉሙ ሕግ ነው። ስለዚህ አንባቢው ከዚህ በታች «አባ ሴራ» የሚል ስም ሲያገኝ «የሕግ አባት» ብሎ እንዲረዳው ያስፈልጋል።

በገዳ ሥርዓት ሕዝቡ በአምስት ቡድን ይከፈላል። እያንዳንዱ ቡድን በተራው ለ8 ዓመት ሥልጣን ይይዛል፤ ተራው ሲፈጸም ለሚቀጥለው ያስረክባል። ስለዚህ አንድ ቡድን እንደ ገና ወደ ሥልጣን የሚመለሰው ከ40 ዓመት በኋላ ነው። የ8 ዓመቱ ሥርዓት ጥንታዊ ለመሆኑ አባ ባሕርይ የተባሉት ካህን በ1593 እ.ኤ.አ. የጻፉት ጽሑፍ ምስክር ነው፤ እርሳቸው የየዘመኑን ባለተራዎች በየስማቸው ቈጥረው አስፍረዋል። በዘመናችንም ፕሮፌሰር አስመሮም ለገሰ በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ሥርዓቱን በሰፊው አጥንተውታል።

ሥልጣን በያዘው ቡድን ውስጥ ሥራው በአንድ ሰው እጅ አይጠቃለልም። ስሞቹ ከአካባቢ አካባቢ ቢለያዩም፣ በሜጫና በቱለማ ዘንድ በብዛት የሚጠቀሱት የሚከተሉት ናቸው። አባ ቦኩ የሥልጣን ምልክት የሆነውን በትር የሚይዝ የሁሉ አለቃ ነው። አባ ጨፌ ጉባኤውን በሊቀ መንበርነት ይመራል። አባ ዱቢ፣ ማለት የነገር አባት፣ የጉባኤውን ቃል ለሕዝብ ያሰማል። አባ ሴራ ሕጉን በቃሉ ይዞ ለጉባኤው ያስታውሳል። አባ አለንጋ ፍርዱ እንዲፈጸም ያደርጋል፤ አለንጋ በአማርኛም ያው አለንጋ ነው። አባ ዱላ የጦሩ መሪ ሲሆን፣ አባ ሰኣ ደግሞ የከብቱንና የሀብቱን ጉዳይ ይጠብቃል።

አንባቢው እንደሚያስተውለው፣ ከእነዚህ ውስጥ የጦር ሥራ ያለው አንዱ ብቻ ነው። የቀሩት አብዛኞቹ በንግግር፣ በሕግና በፍርድ ሥራ የተጠመዱ ናቸው። በአማርኛ የጉባኤን መሪ «አፈ ጉባኤ»፣ የዘውዱን ዋና ዳኛም «አፈ ንጉሥ» ማለታችን ከ«አባ ዱቢ» ስም ጋር የሚቀራረብ ሐሳብ አለው፤ በሁለቱም ቋንቋ ሥልጣን በአፍ፣ ማለት በተነገረ ቃል፣ ይገለጻልና።

3. የሕይወቱ ደረጃዎች

አንድ ሰው ወደ ጨፌ መሪነት የሚደርሰው በየ8 ዓመቱ በሚለወጡ ደረጃዎች አልፎ ነው። የደረጃዎቹ ስም በየአገሩ የተለያየ ቢሆንም በብዙዎች ዘንድ የሚነገረው ቅደም ተከተል ይህን ይመስላል።

ከልደት እስከ 8 ዓመት ያለው ሕፃን ደበሌ ይባላል፤ ምንም ሥራ የለበትም። ከ8 እስከ 16 ዓመት ፎሌ ነው፤ ከብት ይጠብቃል፣ ቀላል ሥራ ይሠራል። ከ16 እስከ 24 ዓመት ቆንዳላ ይሆናል፤ አደንና የጦር ልምምድ የሚጀምርበት ጊዜ ነው። ከ24 እስከ 32 ዓመት ኩሳ ነው፤ በዚህ ደረጃ የእኩዮቹ መሪዎች ከወዲሁ ተለይተው መታወቅ ይጀምራሉ። ከ32 እስከ 40 ዓመት ራባ ዶሪ ይባላል፤ ይህ የዕጩነት ዘመን ነው። ከ40 እስከ 48 ዓመት ያለው ገዳ፣ ወይም ሉባ፣ ሥልጣን የሚያዝበት ደረጃ ነው። ከዚያ በኋላ ሰውየው ዩባ ሆኖ በመካሪነት ይቀመጣል።

ለርእሳችን ዋናው የራባ ዶሪ ደረጃ ነው። ዕጩው በእነዚህ 8 ዓመታት ውስጥ ሥልጣን ሳይኖረው የሥልጣንን ሥራ ይማራል። ሕጉ በብራና ያልተጻፈ ስለ ነበረ ትምህርቱ በሁለት መንገድ ብቻ ይገኝ ነበር፤ አንደኛው ከዐዋቂዎች አፍ በመስማት፣ ሁለተኛው በፍርድ ሸንጎ ተቀምጦ በማየት። ኦሮምኛው ይህን ዓይነት ዕውቀት «አርጋ ደጌቲ» ይለዋል፤ ትርጉሙ የታየና የተሰማ ማለት ነው። በዚህ ዕውቀት የበሰለውን ሰው ሃዩ ይሉታል፤ ቃሉ ሊቅንም ዳኛንም ያመለክታል።

ትምህርቱ በምን ላይ እንደ ነበረ ለማሳየት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የአንዱ ላም የጎረቤቱን በቆሎ ብትበላ ጉዳዩ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ዕጩው የሚከተሉትን ማወቅ ነበረበት፤ ካሣው በምን ይለካል? ጠባቂው ሕፃን ቢሆን ማን ይጠየቃል? በጠቡ ጊዜ ሰው ቢቈስል ነገሩ እንዴት ይለወጣል? ሰው ቢሞትስ የጉማ ሥርዓት፣ ማለት የደም ካሣና ዕርቅ፣ በማን አማካይነት ይጀመራል? እንዲህ ያለውን ነገር ሲዳኝ እየሰማ ያደገ ሰው በ40 ዓመቱ ጨፌ ላይ ሲቀመጥ፣ ሕግ በሜዳና በጎጆ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ያውቀዋል።

ይህን ትምህርት ከጠበቃ ትምህርት ጋር ማመሳሰል ይቻላል፤ ልዩነቱንም መርሳት አይገባም። ጠበቃ ለአንድ ወገን ይከራከራል፤ ሃዩ ግን ሁለቱን ወገኖች ለማስታረቅ ይደክማል። በሰሜኑ ባህል ተከራካሪዎች «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ በቃል ጥበብ የሚሸናነፉበት ሙግት የታወቀ ነው። በሜጫ ሽማግሌዎች ሸንጎ ደግሞ ዋናው ብልሃት ተሸናፊው ሳያፍር ወደ ቤቱ የሚመለስበትን መንገድ ማግኘት ነው። ሁለቱም ሕግን ማወቅ ይጠይቃሉ።

4. መኮ ቢሊ

በሜጫ ሕዝብ ትውፊት ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚጠራው የሕግ አውጪ ስም መኮ ቢሊ ነው። በኦዳ ቢሲል የታወጀው ሕግ እስከ ዛሬ «ሴራ መኮ ቢሊ»፣ የመኮ ቢሊ ሕግ፣ እየተባለ በስሙ ይጠራል። የታሪክ ሊቅ የሆኑት መሐመድ ሐሰን ስለ ጊቤ ኦሮሞ ታሪክ በጻፉት መጽሐፍ ውስጥም ስሙ ተጠቅሷል።

ትውፊቱ ስለ መኮ ቢሊ የሚያወሳው ሁለት ዓይነት ሥራ ነው፤ አንዱ የጦር መሪነት፣ ሁለተኛው ሕግ ደንጋጊነት። ሜጫዎች አዲስ አገር ይዘው፣ ከሌሎች ሕዝቦች ጋር ተደባልቀው፣ ከአሮጌው ማዕከል ከኦዳ ነቤ በራቁበት ጊዜ፣ በጦር የተያዘው አገር በምን ዓይነት ሥርዓት እንደሚኖር መወሰን ነበረበት። መሬት እንዴት ይያዛል? ከሌላ ወገን የመጣው ሰው እንዴት የጎሣው አባል ይሆናል? ጋብቻ በእነማን መካከል ይፈቀዳል? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሰጠው የኦዳ ቢሲል ጨፌ ነው።

ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ትዝታው የትኛውን ሥራ እንደ መረጠ ነው። በጦር ሜዳ የተሳካላቸው መሪዎች በሜጫ ታሪክ ብዙ ናቸው። ከአራት መቶ ዓመት በኋላ ስሙ በሕዝብ አፍ ከሕግ ጋር ተጣምሮ የቀረው ግን የመኮ ቢሊ ነው። ሕዝቡ ድሉን ከማስታወስ ይልቅ ሕጉን በስሙ መጥራት መረጠ።

5. ሕግ እንዴት ይወጣ ነበር?

ሕግ ማውጣት በኦሮምኛ «ሴራ ቱሙ» ይባላል። «ቱሙ» ማለት መቀጥቀጥ ነው፤ ብረት ቀጥቃጩም «ቱምቱ» የሚባለው ከዚሁ ቃል ነው። ስለዚህ ሕግ በኦሮምኛ አነጋገር እንደ ማረሻ ብረት እየተቀጠቀጠ ይሠራል። አንድ ምት ብቻውን ማረሻ እንደማያወጣ ሁሉ አንድ ሰው ብቻውን ሕግ አያወጣም።

አዲሱ ቡድን ሥልጣን ሲረከብ አሮጌው ሕግ በጉባኤው ፊት በቃል ይነገራል። የተስማማው ይጸናል፤ ዘመኑ ያለፈበት ይሻሻላል፤ የጎደለው ይጨመራል። ይህ ሥራ በየ8 ዓመቱ ስለሚደጋገም አንድ ሰው በዕድሜው ውስጥ የአገሩን ሕግ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብዙ ጊዜ ይሰማዋል። ማንበብ የማይችለው ገበሬ ሕጉን የሚያውቀው በዚህ ምክንያት ነበር። በቦረና ዘንድ ጉሚ ጋዮ የሚባለው ታላቅ ጉባኤ በየ8 ዓመቱ እየተሰበሰበ ይህንኑ ልማድ ጠብቆ ቆይቷል።

ጨፌው በመሪዎቹ ላይም ሥልጣን ነበረው። ሕግ የጣሰ ወይም ሥራውን ያበላሸ መሪ ተራው ሳይፈጸም ሊሻር ይችላል፤ ቦረናዎች ይህን «ቡቂሱ»፣ መንቀል፣ ይሉታል። መልካም የሠራውም ቢሆን ከ8 ዓመቱ በላይ አንድ ቀን አይጨመርለትም። ሕግ ዐዋቂው በሕግ ዕውቀቱ ይወጣል፤ በዚያው ሕግ ይወርዳል።

6. ስለ ጉድለቶቹ

የጥናት ጽሑፍ የሚያመሰግነውን ብቻ መርጦ ማቅረብ ስለማይገባው የሥርዓቱን ጉድለቶችም መግለጥ ያስፈልጋል።

አንደኛ፣ ሴቶች በጨፌው ላይ ድምፅ አልነበራቸውም። ሴቶች መብታቸው በተነካ ጊዜ ሲንቄ የሚባለውን በትራቸውን ይዘው በአንድነት በመውጣት በዳዩ ይቅርታ እስኪጠይቅና እስኪክስ ድረስ ይቆሙ ነበር፤ ይህም በሕግ የታወቀ ታላቅ ኃይል ነው። ነገር ግን ሕጉ በሚቀጠቀጥበት ስፍራ ድምፅ መስጠትን አይተካም። ሁለተኛ፣ ብረት ቀጥቃጩና ቆዳ ፋቂው ከሥርዓቱ ውጭ ይቀሩ ነበር። ሕግን በብረት ሥራ የሚመስል ቋንቋ ብረት ሠሪውን ከጉባኤው ማራቁ የሚያስገርም ነው። ሦስተኛ፣ ልጅ ወደ ደረጃ የሚገባው በራሱ ዕድሜ ሳይሆን ከአባቱ ደረጃ ተቈጥሮ ስለ ሆነ፣ አባቱ በሽምግልና የወለደው ልጅ ተራው ሳይበስል ሊደርስበት፣ ሌላውም አርጅቶ ሊደርስበት ይችላል። ፕሮፌሰር አስመሮም ይህን ችግር በሒሳብ ስሌት ጭምር አሳይተዋል።

7. ሥርዓቱ ለምን ተዳከመ?

በሜጫ አገር የገዳ ሥርዓት በአንድ ቀን አልወደቀም። የመጀመሪያው ምክንያት ርቀት ነው። ጎሣዎቹ ወደ ሩቅ ምዕራብና ደቡብ በተስፋፉ ቍጥር ወደ ኦዳ ቢሲል መምጣት ስለ ከበዳቸው በየአካባቢያቸው ሌሎች ጨፌዎችን አቋቋሙ። ሁለተኛው ምክንያት ከውስጥ የመጣ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት እ.ኤ.አ. ጦርነትና የሲራራ ንግድ እየበረታ በሄደ ጊዜ፣ በጊቤና በለቃ አገር ጦር የሚመሩት ሰዎች ተራቸው ሲፈጸም ሥልጣኑን ማስረከብ ተዉ። ለ8 ዓመት የተሰጣቸውን ሥልጣን ለልጆቻቸው አወረሱ፤ «ሞቲ»፣ ማለት ንጉሥ፣ ተባሉ። ይህን ስናስብ አባ ዱላው አባ ሴራውን አሸነፈው ማለት እንችላለን። ሦስተኛው ምክንያት ከውጭ የመጣ ነው። በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ ጦርነት የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል ካደረጉ በኋላ ምዕራቡ አገር በሸዋ መንግሥት ሥር ገባ፤ ሕግና ሹመትም ከአዲስ አበባ መምጣት ጀመረ።

በአዲሱ ዘመን ከዚሁ አገር የተነሣ ሕግ ዐዋቂ በሌላ መንገድ ወደ ከፍተኛ ሥልጣን ሲወጣ እናያለን። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ በጨቦ አገር ተወልደው በልጅነታቸው በዘመቻ ተማርከው ወደ ምኒልክ ቤት የገቡ ሰው ናቸው። በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ የጦር ሚኒስትር ሆኑ፤ በ1919 ዓ.ም. እስከ ሞቱ ድረስም ከመንግሥቱ ዋና ሰዎች አንዱ ነበሩ። ሕዝቡ «አባ መላ» ያላቸው በፍርድና በምክር ብልሃታቸው ነው፤ ስለ ፍርዳቸው የሚነገሩት ታሪኮችም ብዙ ናቸው። ይሁን እንጂ የእርሳቸው ሥልጣን ከንጉሡ የተሰጠ ነበር። ፍርዳቸው በችሎታቸው ቢያስደንቅም፣ በስማቸው የተቀጠቀጠ፣ ሕዝብ በየ8 ዓመቱ ቈሞ የሚሰማው ሕግ አልተዉም። ችሎታው አንድ ሆኖ ሳለ የወጡበት መሰላል ሌላ ነበር።

8. ከፓርላማው ጋር ሲነጻጸር

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ሲታወጅ በኢትዮጵያ ሁለት ምክር ቤቶች ተቋቋሙ። ያን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በሩስያ የመድፈኛ ትምህርት የተማሩ ሰው ነበሩ፤ ለአርአያነትም የጃፓንን የ1889 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥት ተመልክተዋል። የመወሰኛው ምክር ቤት አባሎች በንጉሠ ነገሥቱ ይሾሙ ነበር፤ የመምሪያው ምክር ቤት አባሎች ደግሞ በመኳንንትና በየአገሩ ሹማምንት ይመረጡ ነበር።

ጥቅምት 24 ቀን 1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሲወጣ ሕዝቡ የመምሪያውን ምክር ቤት አባሎች በቀጥታ እንዲመርጥ ተፈቀደለት። ይህ ታላቅ እርምጃ ነው፤ ሴቶችም ለመምረጥና ለመመረጥ በቁ። አሠራሩን ግን ከባኮ ሆነን ስንመለከተው ሁለት ነገር እናያለን። ሕገ መንግሥቱ 200,000 ያህል ሕዝብ ላለው ለእያንዳንዱ የምርጫ ወረዳ ሁለት እንደራሴዎችን መደበ። ከዕጩው የሚጠየቀው ዕድሜና በወረዳው ያለ ንብረት ሲሆን የሕግ ዕውቀት አልነበረም። ቋንቋውም ለብዙው የባኮ ገበሬ እንግዳ ነበር፤ ሕጉ የሚወጣው በአማርኛ ነው፣ ገበሬው የሚናገረው ኦሮምኛ ነው። በአያቱ ዘመን ሕጉን በጆሮው የሰማ ሰው አሁን ሕጉን የሚያውቀው ሲከሰስ ሆነ።

በዚያው ዘመን አገሪቱ በዘመናዊ ሕግ ብዙ ሠርታለች። የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ1949፣ የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ.ም. ወጡ፤ የሕግ ትምህርት ክፍልም በ1956 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ። ከዚያ የወጡት ምሩቃን በብዛት ወደ ፍርድ ቤትና ወደ መሥሪያ ቤት ገቡ። ከጠበቃነት ወደ ሸንጎ መሪነት የሚያደርስ የታወቀ መንገድ ግን አልተዘረጋም።

በ1987 ዓ.ም. በጸናው ሕገ መንግሥት የተቋቋመው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የመጀመሪያ አፈ ጉባኤ የሆኑት አቶ ዳዊት ዮሐንስ የሕግ ባለሙያ ነበሩ፤ እስከ 1998 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ ለ10 ዓመት ምክር ቤቱን መርተዋል። እነሆ ሕግ ዐዋቂ በሕግ አውጪው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ይሁን እንጂ ወንበሩ የሕግ ዕውቀትን የግድ አይጠይቅም። ከእርሳቸው በኋላ በተለያየ ሙያ የሠሩ ሰዎች ተቀምጠውበታል። በጨፌው ዘመን ደንብ የነበረው በፓርላማው ዘመን አጋጣሚ ሆኗል።

በሌላ በኩል ከአሮጌው ሥርዓት የተመለሱ ነገሮች አሉ። የኦሮሚያ ክልል ምክር ቤት ስሙ ጨፌ ነው፤ ሕጉንም በኦሮምኛ ያወጣል። የገዳ ሥርዓት በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ከሁሉ ይልቅ ለባኮ ገበሬ ቅርብ የሆነው ግን ክልሉ በ2013 ዓ.ም. የባህል ፍርድ ቤቶችን የሚያቋቁም አዋጅ ማውጣቱ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34ና 78 ለባህል ዳኝነት በር ከፍቶ ነበር። በአዋጁ መሠረት ሽማግሌዎች በሜዳ ያደርጉት የነበረው ዳኝነት በመንግሥት ዘንድ የታወቀ ሆነ።

9. ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ ከተመለከትነው የሚከተለውን መረዳት ይቻላል። የሜጫ ጨፌ መሪ ሥልጣን የሚይዘው ከብዙ ዓመት የሕግ ትምህርት በኋላ ነበር፤ ያወጣውን ሕግ በሕዝቡ ቋንቋና በሕዝቡ ፊት በቃል ማሰማት ነበረበት፤ ጊዜው ሲፈጸምም ይወርድ ነበር። ፓርላማው በበኩሉ ጨፌው ያልነበረውን አምጥቷል፤ ሴቷም ቀጥቃጩም ከሌላ አገር የመጣውም ሰው እኩል ድምፅ እንዲኖረው አድርጓል፤ ሕግንም በጽሑፍ አጽንቷል። ስለዚህ ወደ አሮጌው እንዳለ እንመለስ ማለት ትክክለኛ አሳብ አይሆንም።

ጉዳዩ የሚከብደው ግን በሕዝቡ ዘንድ ነው። «በሕግ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ሕግ የሄደች ጭብጦዬ ትቈጨኛለች» የሚለው ተረት የአገራችን ሰው ሕግን ምን ያህል እንደሚወድ ያሳያል። ሰው ግን ሊጠብቀው የሚችለው የሚያውቀውን ሕግ ነው። በባኮ ዙሪያ ያለው ገበሬ ስለ መሬት ይዞታው፣ ስለ ካሣ፣ ስለ ውርስ የሚወጣውን ሕግ ከጨፌ ኦሮሚያም ሆነ ከፌዴራሉ ምክር ቤት አስቀድሞ ካልሰማ፣ በቅሎዋ በሕግ ትሂድ ያለ ሕግ ትሂድ ለይቶ ማወቅ አይችልም።

ከዚህ በመነሣት ሁለት አሳቦችን ለአንባቢ እናቀርባለን። አንደኛ፣ ለምክር ቤት የሚወዳደር ሰው የሕግ ዲግሪ ይኑረው ማለት ድኻውን ከሸንጎ ማራቅ ስለሚሆን፣ የተመረጠው ሰው ሥራውን ከመጀመሩ በፊት በወረዳው ፍርድ ቤትና በባህል ፍርድ ቤቱ ለተወሰነ ጊዜ ተቀምጦ ዳኝነት እንዲያይ ቢደረግ ይጠቅማል፤ ይህ የራባ ዶሪ ትምህርት በአጭሩ ነው። ሁለተኛ፣ ሕዝቡን በቀጥታ የሚነኩ ሕጎች በወጡ ጊዜ እንደራሴው ወደ ወረዳው ተመልሶ በሕዝቡ ቋንቋ በአደባባይ ቢያነባቸውና ጥያቄ ቢቀበል መልካም ነው። ሁለቱም አሳቦች ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም። ኦዳ ቢሲል ከባኮ ሩቅ አይደለም፤ በዚያ ጥላ ሥር የሠራው ልማድ በወረዳ አዳራሽ የማይሠራበት ምክንያት አይታየንም።